የእንሶስላ ሥር፦ ያልተጻፈ የእጅ ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ስለ እንሶስላ ነው። የታሪክ ትምህርት ከጓሮ ተክል ምን አገናኘው የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሴም እነሆ።

ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ አሺል ሪሻር የሐበሻን ዕፅዋት የሚዘረዝረውን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1847 ማሳተም ሲጀምር፣ ይህን ተክል «ኢምፓቲየንስ ቲንክቶሪያ» ብሎ ሰየመው። ሪሻር ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም፤ በዋናነት የተመረኮዘው ካርተን-ዲዮንና ፔቲ የተባሉ ተመራማሪዎች በሰበሰቧቸው ናሙናዎች ላይ ነበር። ሁለቱም አገራቸው ሳይመለሱ በዚሁ ምድር ቀርተዋል።

«ቲንክቶሪያ» በላቲን «ለማቅለሚያ የሚሆን» ማለት ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ። የእንሶስላ አበባ ነጭ ነው፤ ጉሮሮው ብቻ ወደ ሐምራዊ ያደላል። እጅን የሚያቀላው ከአፈር በታች ያለው ሥሩ ነው። የደረቀ ቅጠልና አበባ ይህን አይናገርም። እንግዲያስ ስያሜው የሪሻር ቢሆንም፣ ዕውቀቱ ሥሩን ቆፍረው ከሚወቅጡት ሴቶች የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ። የእነርሱ ስም ግን የለም።

ዕውቀቱ ደግሞ ቀላል አልነበረም። እንሶስላ የደጋ ተክል ነው፤ እርጥበትና ጥላ፣ የወንዝ ዳርና የጫካ ጠርዝ ይወዳል። ለስላሳ ግንዱ በበጋ ይከስማል፤ ሥሩ አፈር ውስጥ ቆይቶ ክረምት ሲገባ ዳግም ያቆጠቁጣል። አያቴ ከአጥሩ ጥግ፣ እጣቢ በሚደፋበት ጥላ ሥር ተክላው ነበር። ስትቆፍር ወፍራሙን ታነሣለች፤ ቀጭኑን መልሳ አፈር ታለብሰዋለች። «ሁሉን የነቀለ ለከርሞ ባዶ እጁን ይሞሸራል» ትለን ነበር። የተወቀጠው ሥር በእጅና በእግር ላይ ተደርጎ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ያድራል። አማርኛችን «እንሶስላ ተቀባች» ከማለት ይልቅ «እንሶስላ ሞቀች» ማለቱ፣ ለእኔ ያንን ተጠቅልሎ የታደረ ሌሊት ያስታውሰኛል።

ዛሬ የታሸገ ሂና ከሱቅ ይገዛል፤ የወንዙ ዳርም እየታረሰ ነው። ተክሉ ከጓሮ ሲጠፋ፣ መቼ እንደሚቆፈርና ምን ያህሉ እንደሚተው የሚያውቀው እጅም ሥራ ይፈታል። እንዲህ ያለው መዝገብ ሲጠፋ ጭስ እንኳ አይታይም።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ አንድ አደራ አለኝ፦ ወደ ቤተ መዛግብት ከመሄዳችሁ በፊት እናቶቻችሁን ጠይቁ፤ ስትጽፉም የነገረቻችሁን ሴት ስም አትተዉ።