የአዲስ አበባ ሰዎች በ«ብርሃንና ሰላም» ዓምዶች

የአንድን ከተማ ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያገላብጠው የነገሥታትን ዜና መዋዕልና የተጓዦችን ማስታወሻ ነው። ስለ አዲስ አበባ ግን ከሁለቱ የማያንስ ሌላ ምስክር አለ፤ ይኸውም በየሳምንቱ ሐሙስ ይወጣ የነበረው «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ ነው። በጋዜጠኝነት ሙያ የተሰማራን ሁሉ የዚህ ጋዜጣ ወራሾች ስለ ሆንን፣ ከተማይቱ በእርሱ ዓምዶች እነማንን እንዳስታወሰችና እነማንን እንደ ረሳች መመርመር ይገባናል።

ከእርሱ በፊት ሙከራ አልጠፋም። ብላታ ገብረ እግዚአብሔር ጊላ ማርያም በእጅ የተጻፈ የወሬ ወረቀት ለመኳንንቱ ያድሉ ነበር። ግሪካዊው እንድርያስ ካቫድያ ያዘጋጀው «አእምሮ»ም በመጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ይወጣ ነበር፤ ስሙን ያወጡለት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። ሃያ አራት ቅጂ ዛሬ ለአንድ መሥሪያ ቤት እንኳ አይበቃም። በዚያን ጊዜ ግን የጽሕፈት ሥራ የቁም ጸሐፊዎች ድካም ስለ ነበረ ቁጥሩን መናቅ አይገባም።

አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ማተሚያ ቤቱን በ1914 ዓ.ም. ካቋቋሙ በኋላ፣ የ«ብርሃንና ሰላም» የመጀመሪያ ቁጥር ሐሙስ ታኅሣሥ 23 ቀን 1917 ዓ.ም. ወጣ። አዘጋጁ ገብረ ክርስቶስ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። የሚታተመው ወደ 500 ቅጂ ያህል እንደ ነበረ ይነገራል። አዋጅና የውጭ አገር ወሬ ዋና ቦታ ቢይዙም፣ የጋዜጣው ነፍስ ያለችው ከአንባብያን በሚላኩት ጽሑፎች ውስጥ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ይህንንም ለመረዳት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ካሳተሙት «የሕይወት ታሪክ» ጋር ማስተያየት ይበቃል። የኅሩይ መጽሐፍ ታላላቅ ሰዎችን በስማቸውና በማዕረጋቸው መዝግቦ ለተከታዩ ትውልድ ያስተላለፈ ትልቅ ውለታ ነው። ነገር ግን በመዝገብ የገባ ሰው ዝም ያለ ሰው ነው። በጋዜጣው ግን ሰዎቹ ገና በሕይወት ሳሉ ሲናገሩ፣ ሲቈጡ፣ ሲመክሩ ይሰማሉ። የወለጋው ተወላጅ ብላታ ደሬሳ አመንቴ ስለ ትምህርትና ስለ አገር መሻሻል ደጋግመው ይጽፉ ከነበሩት አንዱ ናቸው። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቃቸው የገንዘብ ሚኒስትር በነበሩት በልጃቸው በይልማ ደሬሳ ነው፤ ጋዜጣው ግን አባትዬውን በራሳቸው ቃል ያስታውሳቸዋል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1911 ዓ.ም. ባይሞቱና ይህን መድረክ ቢያገኙ ኖሮ ምን በጻፉ ነበር? «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው ሥራቸው እንኳ የታተመው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው፤ ጋዜጣው ሊጀመር አንድ ዓመት ሲቀረው።

የጋዜጣው መታሰቢያ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ፊደል ለቃሚዎቹ፣ እያንዳንዷን የእርሳስ ፊደል ከሣጥኗ አንሥተው መስመር ያስያዙት፣ ቃላቸው በዓምዱ አይሰማም። ሴቶችም እንደ ጸሐፊ ሆነው እምብዛም አይታዩም። ጋዜጣ የሚያስታውሰው ብዕር የያዘውን ወይም ማዕረግ የደረሰውን ነው።

በ1928 ዓ.ም. ጠላት ከተማይቱን ሲይዝ ጋዜጣው ተቋረጠ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በነዋሪው ላይ የደረሰው እልቂት የታወቀ ነው፤ በዚያው ሰሞን የተማሩት ወጣቶች ተለይተው ተፈጁ። የኅሩይ ልጅ ፈቃደ ሥላሴ፣ የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ቢንያምና ዮሴፍ ከተገደሉት መካከል ነበሩ። ኅሩይም በስደት ሳሉ በእንግሊዝ አገር በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ አረፉ። ስለዚህ በሐሙስ ጋዜጣ ላይ ስለ ነገይቱ ኢትዮጵያ የተከራከረው ትውልድ ነገን ሳያይ ሳሳ። ከአንዳንዱ የቀረልን ከጽሑፉ ግርጌ ያለው ስሙ ብቻ ነው። የቀሩትን ቅጂዎች ከብልና ከእርጥበት መጠበቅ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ጣጣ ብቻ ነው ብሎ መተው የማይገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከነጻነት በኋላ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. የተጀመረው «አዲስ ዘመን» ቦታውን ተረከበ። ብርሃኑ ዘሪሁንና በዓሉ ግርማ የመሰሉ ደራስያን አዘጋጅተውታል። በዓሉ «ኦሮማይ» የተባለው ልብ ወለዱ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ከገበያ ከተሰበሰበ በኋላ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። የስንቱን ዕረፍት አንብቦ ለኅትመት ያሳለፈ አዘጋጅ፣ ለእርሱ የሐዘን ማስታወቂያ አልወጣለትም፤ መቃብሩም እስከ ዛሬ አልታወቀም።