ከዶክትሬት ዲግሪ በኋላ፦ የወጣት ተመራማሪዎች የአካዳሚክ ሙያ ዕድገት

የሦስተኛ ዲግሪ (ዶክትሬት) ትምህርትን ማጠናቀቅ ለአካዳሚክ ሙያ የመነሻ ብቃትን ያረጋግጣል እንጂ ቀጣይ የማዕረግ ዕድገትን በራሱ አያስገኝም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሠራር የዶክትሬት ዲግሪ ያለው መምህር በአብዛኛው በረዳት ፕሮፌሰርነት ማዕረግ ሥራውን ይጀምራል። ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት፣ ከዚያም ወደ ፕሮፌሰርነት የሚያድገው በአገልግሎት ዘመኑ፣ በማስተማር ብቃቱ፣ በታተሙ የምርምር ሥራዎቹና በማኅበረሰብ አገልግሎት ተሳትፎው ተመዝኖ ነው።

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት ጉዳይ፣ የአካዳሚክ ማዕረግ የሚሰጠው ተመራማሪው የሚሠራበት ተቋም እንጂ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ አለመሆኑ ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ጠቅላላ ማዕቀፉን ይደነግጋል፤ ዝርዝር መስፈርቱ ግን በየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ ይወሰናል። የዕድገት ማመልከቻ በትምህርት ክፍል ይጀምራል፤ በኮሌጁ በኩል ተመርምሮ ወደ ሴኔት ይቀርባል፤ የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ደግሞ በሥራ አመራር ቦርድ ይጸድቃል። በመሆኑም አዲስ የተቀጠረ ተመራማሪ የተቋሙን የሴኔት ሕግ ቅጂ ገና ከመጀመሪያው አግኝቶ ማንበብ ይኖርበታል። ብዙዎች ይህን ሰነድ የሚያገላብጡት ለዕድገት ሊያመለክቱ ሲነሡ ነው፤ ያን ጊዜ አንዳንዱን ጉድለት ማቃናት አይቻልም።

ዲግሪውን ከውጭ አገር ያገኘ አመልካች የትምህርት ማስረጃውን ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አቅርቦ የአቻ ግምት ማሠራት ይጠበቅበታል። በዩኒቨርሲቲ ወጪ ወይም የትምህርት ፈቃድ ተሰጥቶት የተማረ መምህር ደግሞ የገባው የአገልግሎት ግዴታ ውል አለ። ወደ ሌላ ተቋም ከመዛወሩ ወይም የውጭ አገር የምርምር ዕድል ከመቀበሉ በፊት ከተቋሙ ጋር በጽሑፍ መስማማት አለበት።

የሥራ መነሻ አማራጮች

በአገሪቱ የዩኒቨርሲቲዎች የተልዕኮ ልየታ መሠረት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ሐዋሳ፣ መቀሌ፣ አርባ ምንጭ እና ሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ተብለዋል፤ የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ለብቻቸው ተለይተዋል። ቀሪዎቹ በአፕላይድና በአጠቃላይ ዩኒቨርሲቲነት ተመድበዋል። ምደባው አንድ መምህር ለማስተማርና ለምርምር በሚያገኘው ጊዜ ላይ ልዩነት ስለሚያመጣ ከቅጥር በፊት ሊታሰብበት ይገባል። ሌላው አማራጭ የምርምር ተቋማት ናቸው፤ የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እና የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ለአብነት ይጠቀሳሉ።

ከዩኒቨርሲቲ ውጭ መጀመር ከአካዳሚክ ሙያ መውጣት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ካገኙ በኋላ በዓለም አቀፉ የከፊል በረሃማ አካባቢዎች የሰብል ምርምር ተቋም ሥር ሱዳን ውስጥ ሠርተዋል። እዚያ ያወጡት ድርቅን የሚቋቋም የማሽላ ድቅል ዝርያ ወደ ፐርዱ በመምህርነት ከመመለሳቸው በፊት የተገኘ ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል።

ለድኅረ ዶክትሬት ምርምር ከሚታወቁ ዓለም አቀፍ ዕድሎች መካከል የጀርመኑ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ፋውንዴሽን አንዱ ነው። በጣሊያን ትሪየስቴ የሚገኘው በታዳጊ አገሮች የሴት ሳይንቲስቶች ድርጅትም ዶክትሬት ላላቸውና በአገራቸው ተቋም ለሚሠሩ ሴቶች የጀማሪ ተመራማሪ ድጋፍ ይሰጣል። ከእነዚህ ዕድሎች ብዙዎቹ የሚቆጥሩት ዲግሪው ከተገኘ በኋላ ያለፉትን ዓመታት ስለሆነ ማመልከቻን ማዘግየት ዕድሉን ሊያሳጣ ይችላል።

የራስ የምርምር መስመር

ገምጋሚዎች ከሚመለከቷቸው ነጥቦች አንዱ ተመራማሪው ከቀድሞ አማካሪው ተለይቶ የራሱ ጥያቄ ያለው መሆኑ ነው። የአማካሪውን ሥራ ብቻ ማስቀጠል በመጀመሪያ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ኋላ ግን ለየትኛው ሐሳብ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ማስረዳት ያስቸግራል። የራስ ጥያቄ ደግሞ የግድ ውድ ቤተ ሙከራ አይጠይቅም። ዶክተር አክሊሉ ለማ ገና በወጣት ተመራማሪነታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ በዐድዋ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ባለው ውኃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመለከቱ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ አስተላላፊዎች ናቸውና ከዚያ ምልከታ የተነሣው ምርምር የሙያ ዘመናቸው ዋና ሥራ ሆነ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትም በስማቸው ይጠራል።

ለጀማሪ ተመራማሪ ትልቁ ፈተና ጊዜ ነው። ዶክትሬት ይዞ የመጣ መምህር ወዲያው የትምህርት ክፍል ኃላፊነት ወይም የአስተባባሪነት ሥራ ሊሰጠው ይችላል። ኃላፊነቱ ለዕድገት ነጥብ ቢኖረውም የታተመ ሥራን አይተካም።

ኅትመት፦ ጥንቃቄ የሚሻው ጉዳይ

የዕድገት ጥያቄዎችን ለችግር ከሚዳርጉ ጉዳዮች መካከል ሐሰተኛ ጆርናሎች በቀዳሚነት ሊጠቀሱ ይገባል። እነዚህ ጆርናሎች በኢሜይል ጽሑፍ ይጠይቃሉ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለማተም ቃል ይገባሉ፣ ያለ በቂ የሙያ ግምገማ ክፍያ ይቀበላሉ። ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ አያበቃም። አንድ ጥናት አንድ ጊዜ ከታተመ በኋላ ያንኑ ጽሑፍ ለሌላ ጆርናል መላክ የሙያ ሥነ ምግባር ጥሰት ነው፤ ስለዚህ የዓመታት የመስክ ሥራ ውጤት ለዕድገት ሳይቆጠር፣ በሌላ ቦታም ሳይታተም ሊቀር ይችላል። አሳታሚው ጽሑፉን እንዲያነሣ ቢጠየቅም ብዙውን ጊዜ መልስ አይሰጥም።

ከመላክ በፊት የጆርናሉን የአርታኢያን ስም ዝርዝር፣ የግምገማ ሥርዓቱንና የክፍያ መጠኑን ማጣራት፣ ጆርናሉ በታወቁ ማውጫዎች ውስጥ መመዝገቡን ራሱ ማውጫው ላይ ገብቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ጆርናሉ ስለ ራሱ የሚለውን ማመን አይበቃም። በአገር ውስጥም ረጅም ዕድሜ ያላቸው ጆርናሎች አሉ፤ ሲኔት የኢትዮጵያ የሳይንስ ጆርናል፣ የኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር ቡለቲን እና የኢትዮጵያ የሕክምና ጆርናል ይጠቀሳሉ። ክፍያ የሚጠይቁ ትልልቅ ዓለም አቀፍ አሳታሚዎች ብዙዎቹ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚቀርቡ ጽሑፎች ክፍያውን ያነሣሉ ወይም ይቀንሳሉ፤ ጥያቄው ግን ጽሑፉ ከመላኩ በፊት ወይም በሚላክበት ጊዜ መቅረብ አለበት። በሪሰርች ፎር ላይፍ ሥር ያሉት ሂናሪና አጎራ የመሳሰሉ አገልግሎቶች ጆርናሎችን በተቋም በኩል በነፃ ለማንበብ ያስችላሉ፤ የመግቢያ ቃሉን የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ይሰጣል።

በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ምርምር ውጤት በብሔራዊ የአካዳሚክ ዲጂታል ማከማቻ እንዲቀመጥ ያዝዛል። ተመራማሪው ስሙን በሁሉም ጽሑፎች በአንድ ዓይነት የፊደል አጻጻፍ መጠቀምና ኦርኪድ የተባለውን ነፃ የተመራማሪ መለያ ቁጥር ማውጣት ይኖርበታል። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም በሚቆጠርበት የውጭ ሥርዓት ውስጥ የኢትዮጵያውያን ሥራ በሁለትና በሦስት ስም ተበታትኖ ይገኛል።

ከውጭ ተቋማት ጋር ለሚሠሩ

የዕፅዋት፣ የእንስሳት ወይም የረቂቅ ሕዋሳት ናሙና ወደ ውጭ ለመላክ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል። በሰው ላይ የሚደረግ ጥናት ናሙና ከመሰብሰቡ በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል። በጋራ ምርምር የደራሲዎች ቅደም ተከተልና የመረጃው ባለቤትነት ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ሊወሰን ይገባል።

የማመልከቻ ሰነድ

የቅጥርና የማዕረግ ደብዳቤ፣ የተማሪዎች ምዘና ውጤት፣ የታተሙ ጽሑፎች ቅጂ፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት ማረጋገጫና የኃላፊነት ደብዳቤዎች በየዓመቱ ተሰብስበው ቢቀመጡ ይመረጣል፤ ኃላፊዎች ከተቀያየሩ በኋላ ያለፈ አገልግሎትን ማስመስከር አድካሚ ነው። ማመልከቻው ውድቅ የተደረገበት ተመራማሪ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽለት ጠይቆ በተቋሙ የሴኔት ሕግ በተቀመጠው ሥርዓትና የጊዜ ገደብ መሠረት ቅሬታውን በቅድሚያ ለዚያው ተቋም ያቀርባል።