ከጀበርት እስከ አዝሀር፦ ሕግ ፍለጋ የወጡት ደረሶች

ውጭ አገር ሄዶ ሕግ መማር ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን ቪዛና የነፃ ትምህርት ዕድል ነው። ከዚህ ምድር ወጥተው ሕግ የተማሩ ደረሶች ታሪክ ግን ሰባት መቶ ዓመት ያልፋል። ያኔ ሕግ ማለት ፊቅህ ነው፤ ጋብቻውም፣ ውርሱም፣ የገበያ ውሉም የሚዳኘው በርሱ ነበር።

ፈኽረዲን ዑስማን አዝ-ዘይለዒ (ረሒመሁላህ) ካይሮ የገቡት በ705 ሂጅራ ነው። እዚያው አስተማሩ፣ ፈትዋ ሰጡ፣ የሐነፊዎችን «ከንዙ ደቃኢቅ» በሰፊው ሸርሕ አድርገው በ743 አረፉ። በርሳቸው ዘንድ የቀሩት ጀማሉዲን ዘይለዒ ደግሞ «ነስቡ ራያ»ን ጻፉ። ሥራው «ሂዳያ» የተባለው የሕግ ኪታብ ማስረጃ ያደረጋቸውን ሐዲሶች አንድ በአንድ እየመረመረ ከምንጫቸው ማገናኘት ነው። ሻፊዒዩ ኢብኑ ሐጀር ሳይቀሩ አሳጥረውታል። ስንቶቻችን ነን ይህን ኪታብ እያነሳን «ዘይለዒ» የሚለው ስም ከየት እንደመጣ ያልጠየቅነው?

ከነርሱ በኋላ በአሥረኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሌላ ደረሳ ባሕር ተሻገረ። በጅዳ አድርጎ መካ ገባ፣ መዲና ሁለት ዓመት ተቀመጠ፣ ከዚያ ካይሮ ወርዶ በአዝሀር የጀበርቶች ሪዋቅ አረፈ፤ በኋላም የሪዋቁ ሸይኽ ሆነ። ይህን የነገሩን ሰባተኛ የልጅ ልጁ፣ ታሪክ ጸሐፊው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ናቸው። የአገራችን ሰዎች ለሐጅና ለዒልም ብለው በእግራቸው ይመጡ እንደነበር፣ በመካም በመዲናም ሪዋቅ እንደነበራቸው ጽፈዋል። ሪዋቅ ማለት የአንድ አገር ደረሶች የሚያድሩበትና የሚያጠኑበት የመስጂዱ ክፍል ነው፤ ዳቦው ከወቅፍ ይመጣል። ትምህርቱ ሸይኹ ምሰሶ ተደግፎ፣ ደረሳው ዙሪያውን ተቀምጦ ነው፤ መጀመሪያ መትን፣ ቀጥሎ ሸርሕ፣ ከዚያ ሓሺያ። የወሎ ደረሳ ይህን ሥርዓት ሳይነገረው ያውቀዋል።

የጀበርቲ አባት ሸይኽ ሐሰን የሐነፊ ፈቂህ ሲሆኑ ሒሳብና የከዋክብት ዕውቀትም ነበራቸው። የካይሮ ሚዛን ባከራከረ ጊዜ ሚዛኑን መርምረው ያስተካከሉት እርሳቸው ናቸው። የሽያጭ ሕግ የሚያስተምር ሰው ሚዛኑንም ሲያውቅ እንዴት ደስ ይላል!

በ1800 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካይሮን የያዘው የፈረንሳይ ጦር አዛዥ ክሌበር ተገደለ። ገዳዩ ሱለይማን አል-ሐለቢ የሶርያ ሰው፣ አዝሀር ውስጥ የተማረ ነበር። ነገሩን ቀድመው ያውቁ ነበር የተባሉ የሪዋቅ ጓደኞቹም ተሰየፉ፤ እርሱ ቀኝ እጁ ተቃጥሎ በእንጨት ተሰካ። አዝሀርም ተዘጋ። ጀበርቲ የችሎቱን መዝገብ ሙሉውን ታሪካቸው ውስጥ አስገቡት። ዐረብኛው የተሰባበረ መሆኑን እየተናገሩ፣ ገዳዩ ከነመሣሪያው ተይዞ ሳለ ፈረንሳዮቹ ወዲያው አለመግደላቸውን፣ ጠይቀውና መስክረው መፍረዳቸውን አደነቁ። ሙስሊም ነን እያሉ ሰው በዘፈቀደ የሚገድሉ ወታደሮችንም በዚያው ወቀሱ። ቅጣቱ ግን ጭካኔ ነበር፤ እኛ ያንን ከአድናቆቱ ነጥለን ማየት አንችልም። ሆኖም አገሩ በባዕድ ተይዞ ሳለ የባዕዱን የችሎት ሥርዓት በፍትሕ ዓይን መመዘን ቀላል አይደለም።

አዝሀር በ1930 በፋኩልቲ ተደራጀ። ዛሬ «ሸሪዓና ሕግ» የሚባል ፋኩልቲ አለው፤ ፊቅሁና የመንግሥት ሕጉ አብረው ይሰጣሉ። በኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ተከራካሪዎቹ ፈቅደው ሲቀርቡ ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ውርስንና ወቅፍን በእስልምና ሕግ ይዳኛሉ፤ የክርክሩ አካሄድ ግን በመደበኛው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ነው። ፊቅህ ተምሮ ከካይሮ ወይም ከመዲና የሚመለስ ወንድማችን ቃዲ ልሁን ካለ፣ ያንን የሥነ ሥርዓት ሕግም ቁጭ ብሎ መቅራት አለበት።