በቃልና በኖታ፦ የቻርልስ ሚንገስ የሙዚቃ ሕይወት

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ብሂል ለሥነ ቃል ተማሪዎቼ ባነሣሁ ቁጥር አንድ አሜሪካዊ የጃዝ ቤዝ ተጫዋችና የሙዚቃ ደራሲ ትዝ ይለኛል። የቻርልስ ሚንገስ ሕይወት ብሂሉን በአንድ በኩል ይደግፈዋል፤ በሌላ በኩል ይሞግተዋል።

ሚንገስ እ.ኤ.አ. በ1922 በአሪዞና ግዛት፣ ኖጋሌስ ተወልዶ በሎስ አንጀለስ ዋትስ ሠፈር አደገ። በልጅነቱ ቼሎ ተምሯል፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ለጥቁር ወጣት የክላሲካል ኦርኬስትራ በር የተዘጋ ስለ ነበር ወደ ቤዝ ዞረ። ከሬድ ካሌንደርና ቀደም ሲል በኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ ከሠራው ከኸርማን ራይንሻገን ተማረ፤ ከሉዊ አርምስትሮንግና ከላዮኔል ሃምፕተን ባንዶች ጋርም ተጫወተ።

እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን የማስጠናት ዘዴው ነው። በ1956 «ፒቴካንትሮፐስ ኤሬክተስ» በተሰኘው ሸክላ ሽፋን ላይ እንዳብራራው፣ ድርሰቱን በአእምሮው ይዞ በፒያኖ እየተጫወተ ለጓደኞቹ ያሰማቸዋል እንጂ ኖታ አያድላቸውም። ጃዝ በተጻፈ ኖታ ከታሰረ ስሜቱ ያመልጣል ባይ ነበር። የእኛ ዜማ ቤት ለዚህ እንግዳ አይደለም፤ ምልክቱ በድጓው ላይ ተጽፎ ሳለ ተማሪው ዜማውን የሚቀበለው ከመምህሩ አፍ ነው።

ቃል ሲባል ግጥሙም አለ። የአርካንሳስ ገዥ ኦርቫል ፎበስ በ1957 ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ሊትል ሮክ ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ወታደር አሰለፈ። ሚንገስ በገዥው ላይ የደረሰው «ፌብልስ ኦፍ ፎበስ» በ1959 ያለ ግጥም ወጣ፤ በ1960 ግን ሚንገስና ድራም መቺው ዳኒ ሪችመንድ እየተቀባበሉ ስሙን ጠርተው ሲዘልፉት ይሰማል። የመጀመሪያው ሰሙ፣ ሁለተኛው ወርቁ ነው ብል አላጋነንኩም።

ይኸው ሰው ግን በወረቀት ላይ የተጻፈ ግዙፍ ሥራም ነበረው። ጥቅምት 12 ቀን 1962 (እ.ኤ.አ.) በኒውዮርክ ታውን ሆል ከዚህ ሥራ የተወሰዱ ክፍሎች ሲቀርቡ ኖታ ገልባጮቹ ገና ሥራቸውን አልጨረሱም ነበር፤ በመድረኩ ላይ ሳይቀር ይገለብጡ ነበር። ዝግጅቱ ከሸፈ። በ1977 ጡንቻን የሚያሰልል የነርቭ በሽታ እንደ ያዘው ታወቀ። እጆቹ ሲከዱት ዜማዎቹን እያንጎራጎረ በቴፕ ያስቀዳ ጀመር። ጥር 5 ቀን 1979 (እ.ኤ.አ.) በሜክሲኮ ኩዌርናቫካ በ56 ዓመቱ አረፈ።

የታውን ሆሉ ድርሰት ኖታ ከሞቱ በኋላ ከወረቀቶቹ መካከል ተገኘ። 4,235 ሜዠር ያለው «ኤፒታፍ» በ1989 በጉንተር ሹለር መሪነት በሠላሳ ሙዚቀኞች ቀረበ። ባይጻፍ ኖሮ አብሮት በተቀበረ ነበር፤ በዚህ ብሂሉ ረትቷል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1993 በገዛው ስብስብ ውስጥ ግን ከእጅ ጽሑፎቹ ጎን፣ ሚንገስ በፒያኖ ሲደርስ የተቀዱ ቴፖችም አሉ።