ፊታውራሪ፦ ከጦሩ ፊት የሚቆመው ሹም

ፊታውራሪ በኢትዮጵያ ነባር የጦር ሥርዓት ከዋናው ሠራዊት ፊት ቀድሞ የሚዘምተውን ጦር የሚመራ ሹም ማዕረግ ነበር። በሹመት ተዋረድ ከራስና ከደጃዝማች በታች፣ ከቀኛዝማችና ከግራዝማች በላይ ይቀመጣል። ማዕረጉ መኳንንቱን በክብር ደረጃ ከመለየቱ በፊት ሹሙ በጦር ሜዳ የሚቆምበትን ቦታ ይወስን ነበር። ቀኛዝማች ቀኙን፣ ግራዝማች ግራውን ክንፍ ሲያዝ ፊታውራሪ ፊቱን ይይዛል፤ ከኋላ ደግሞ ደጀን ይከተላል። ከመካከል ንጉሡ ወይም ጦሩን ያስከተተው መስፍን ከነድንኳኑና ከነነጋሪቱ ይገኛል።

ይህ ሥርዓት የንጉሠ ነገሥቱ ብቻ አልነበረም። እያንዳንዱ ታላቅ ራስና ደጃዝማች በራሱ ጦር ላይ የራሱን ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማችና ግራዝማች ይሾም ነበር። ስለዚህ በአንድ ዘመቻ ላይ ብዙ ፊታውራሪዎች ሊገኙ ይችላሉ። ከሁሉም የሚልቀው ግን የንጉሠ ነገሥቱ ፊታውራሪ ነበር።

የፊታውራሪ ሥራ

ጦር ሲንቀሳቀስ ፊታውራሪው ከነሠራዊቱ ቀድሞ ይወጣል። መንገዱን ያጣራል፣ የጠላትን ሁኔታ ይሰልላል፣ ውኃና ግጦሽ የሚገኝበትን የሰፈር ቦታ ይመርጣል። ጠላት ከተገኘም የመጀመሪያውን ግጥሚያ የሚቀበለው እሱ ነው፤ ዋናው ጦር እስኪደርስ ድረስ ጠላትን ገትቶ መያዝ አለበት። ከሁሉ በፊት ከጥይትና ከጦር የሚገናኝ በመሆኑ ለዚህ ቦታ የሚመረጠው በድፍረቱና በማስተዋሉ የተፈተነ ሰው ነበር። ድፍረት ብቻውን አይበቃም፤ ጊዜው ሳይደርስ ውጊያ የከፈተ ፊታውራሪ ከኋላው ያለውን ጦር ሁሉ ባላሰበው ቦታ ሊያዋጋው ይችላል።

ጦሩ ሲሰፍርም ቦታው አይለወጥም። የንጉሡ ድንኳን ከተተከለ በኋላ የፊታውራሪው ከፊት፣ የቀኛዝማቹ በቀኝ፣ የግራዝማቹ በግራ ይተከላል። አሰላለፉ ቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ብዙ ሺህ ሕዝብ በአንድ ምሽት ሲሰፍር እያንዳንዱ አለቃውን ፈልጎ ለማግኘት አይቸገርም ነበር።

ከእንጦጦ ሰፈር እስከ አዲስ አበባ

ዳግማዊ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ ከተማቸውን በእንጦጦ ተራራ ላይ ቆረቆሩ። ቦታው ለጥበቃ ተመራጭ ቢሆንም ብርዱና የማገዶ እጥረቱ ሰፈሩን አስቸገረ። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ ቤተ መንግሥቱ ቀስ በቀስ ወደ ተራራው ግርጌ ወረደ። እንጦጦ ግን ክብሯን አላጣችም፤ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነበር።

አዲሱ ከተማ ሲመሠረት የጦር ሰፈር ልማድ ተከተለው። መኳንንቱ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ መሬት ተመርተው እያንዳንዱ ከነሠራዊቱና ከነአሽከሩ ሰፈረ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ራስ መኮንን፣ ደጃች ውቤና ሌሎችም ስማቸው በሰፈርና በድልድይ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ዋና ከተማዋ በሹማምንቱ ማዕረግና ስም የተከፋፈለች የቋሚ ጦር ሰፈር ሆና አደገች።

ፊታውራሪ ገበየሁ በአምባላጌና በዓድዋ

መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም. ኢጣሊያን ለመመከት የክተት አዋጅ ታወጀና ጦሩ በወረኢሉ እንዲሰበሰብ ታዘዘ። በራስ መኮንን የሚመራው ቀዳሚ ጦር ወደ ሰሜን ሲገሰግስ ፊታውራሪ ገበየሁ ከግንባሩ ነበሩ። ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. በአምባላጌ ላይ የመሸገውን የሜጀር ቶዞሊን ጦር በመውጋት ውጊያውን ከጀመሩት መካከል ስማቸው ቀድሞ ይጠራል። ቶዞሊ በዚያው ቀን ተገደለ፤ ጦሩም ተሰበረ። ድሉ የመቀሌን ምሽግ ለመክበብ መንገድ ከፈተ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት ገበየሁ በግንባር ሲዋጉ ወደቁ። የፊታውራሪነት ትርጉም በሕይወታቸው ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ ማዕረጉ ያስቀመጣቸው ከፊት ነበር፣ የሞቱትም ከፊት ነው።

አባ መላ፦ ከራሶች የከበረ ፊታውራሪ

ማዕረጉን ከፍተኛ ደረጃ ላይ ያደረሱት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ናቸው። በልጅነታቸው በጨቦ በኩል በተደረገ ዘመቻ ተማርከው ወደ ምኒልክ ግቢ ገቡ፤ በአገልግሎታቸውና በጥበባቸውም ከፍ ከፍ አሉ። የፈረስ ስማቸው አባ መላ ነበር፤ በፍርድና በምክር ብልሃታቸውም ታወቁ። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትርነቱን ለእሳቸው ሰጡ።

ሀብተ ጊዮርጊስ ራስ ሳይባሉ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ፊታውራሪ ሆነው ቆዩ። ያም ሆኖ በማዕረግ ከሚበልጧቸው ብዙ ራሶች ይልቅ ቃላቸው ይከበር ነበር። የምኒልክ ወራሽ ልጅ ኢያሱ ከተሻሩ በኋላ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ሜዳ በተደረገው ታላቅ ውጊያ የሸዋን ጦር መርተው የኢያሱን አባት ንጉሥ ሚካኤልን አሸነፉ፤ ንጉሡም ተማረኩ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሳሉ፣ ከመንግሥቱ ታላላቅ ባለ ሥልጣናት አንዱ ነበሩ። በ1919 ዓ.ም. ሲያርፉ የጥንቱ ፊታውራሪነት ከነሙሉ ኃይሉ አብሯቸው ያለፈ ያህል ነበር።

ከግንባር የሚመነጭ ሥልጣን

አለቃ ከወታደሩ ጋር አደጋ መጋራት አለበት የሚለው ሐሳብ በሌሎች አገሮችም፣ በልብ ወለድም ይገኛል። አሜሪካዊው ደራሲ ሮበርት ሃይንላይን እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው «ስታርሺፕ ትሩፐርስ» በተሰኘው የጠፈር ጦርነት ልብ ወለድ፣ መኮንን መሆን የሚችለው አስቀድሞ ተራ ወታደር ሆኖ ያገለገለ ብቻ ነው። ጦሩ በሌላ ፕላኔት ላይ ሲወርድም አዛዡ አብሮ ይወርዳል። ኢትዮጵያ ይህን ደንብ ከልብ ወለድ አልተማረችም፤ የፊታውራሪ ሹመት ሲሰጥ አብሮ የሚሰጠው የአደጋው የመጀመሪያ ድርሻ ነበር።

የዘመናዊው ጦር መምጣትና የማዕረጉ ማብቂያ

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል በኢጣሊያና በኢትዮጵያ ወታደሮች መካከል በተነሣው ግጭት ፊታውራሪ ዓለማየሁ ጎሹ ገና በውጊያው መጀመሪያ ላይ ወደቁ። በዚያው ዓመት በሆለታ በስዊድን መኮንኖች የሚመራ የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። ተማሪዎቹ በኋላ ከወራሪው የኢጣሊያ ጦር ጋር ተፋለሙ፤ ከፊሎቹም ጥቁር አንበሳ የተባለውን የአርበኞች ጦር ካቋቋሙት መካከል ነበሩ።

ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ በብሪታኒያ የጦር ልዑክ እገዛ የመደበኛው ጦር አደረጃጀት በአዲስ መልክ ተዘረጋ። የመኮንኖች ተዋረድም የመቶ አለቃ፣ ሻምበልና ሻለቃ እያለ ወደ ኮሎኔልና ጄኔራል ከፍ ይላል። እነዚህ ማዕረጎች የተመደቡት በክፍሉ መጠን ነው። ፊታውራሪ በሚሰለፍበት ቦታ ሲታወቅ፣ የመቶ አለቃና ሻለቃ ግን በሚያዙት ሰው ብዛት ይታወቃሉ።

ፊታውራሪነት ከዚያ በኋላ ለአውራጃና ለወረዳ ገዢዎች፣ ለባላባቶችና ለአርበኞች የሚሰጥ የክብር መጠሪያ ሆኖ ቆየ። በመጋቢት 1967 ዓ.ም. ደርግ ዘውዱን ከሻረ በኋላ ከነገሥታቱ ዘመን የመጡት የመኳንንት ማዕረጎች መሰጠታቸው ቀረ። ዛሬ ማዕረጉ በታሪክ መጻሕፍት፣ በአዲስ አበባ የሰፈርና የድልድይ ስሞች፣ እንዲሁም በቤተሰብ ትውስታ ይኖራል።