የጥናት ጽሑፍ ፍለጋ በቤተ መጻሕፍት የመረጃ ቋቶች

የጥናት ጽሑፍ ፍለጋ የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአቻ ምሁራን ተገምግመው በጆርናሎች የታተሙ ጽሑፎችን ከቤተ መጻሕፍት የመረጃ ቋቶች (ዳታቤዞች) ለይተው የሚያወጡበት ሥራ ነው። የመረጃ ቋት ከተራ የኢንተርኔት መፈለጊያ የሚለየው ይዘቱ ተመርጦ የሚገባ በመሆኑ፣ እያንዳንዱም ጽሑፍ በጸሐፊ፣ በርዕስ፣ በታተመበት ዓመትና በቁልፍ ቃላት የሚመዘገብ በመሆኑ ነው።

የታወቁ ቋቶች

እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው ጄስቶር የብዙ ጆርናሎችን ቅጾች ከመጀመሪያቸው ጀምሮ ይዟል። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም «ጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ»ም በዚሁ ይገኛል። ሆኖም ብዙ ጆርናሎች የቅርብ ዓመታት እትሞቻቸውን ስለማያስገቡበት ለታሪክ ተማሪ የሚበጀውን ያህል ለአዳዲስ ጉዳዮች አይበጅም። ለሕክምናና ለጤና ፐብሜድ (1996 እ.ኤ.አ.) ለማንም ክፍት ነው፤ አኅጽሮተ ጥናቱን እንጂ ሙሉውን ጽሑፍ ሁልጊዜ አይሰጥም። አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን (1998 እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ የሚታተሙ ጆርናሎችንም ይጨምራል።

የፍለጋ ቃላት

ፍለጋው የሚመራው «ኤንድ»፣ «ኦር» እና «ኖት» በሚሉ ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት ነው። አሠራሩ በእንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ በጆርጅ ቡል (1815–1864 እ.ኤ.አ.) ስም ቡሊያን ይባላል። «ኤንድ» ውጤቱን ያጠብባል፣ «ኦር» ያሰፋል፣ «ኖት» ያስወግዳል። በትእምርተ ጥቅስ የታጠረ ሐረግ እንዳለ ይፈለጋል፤ ከቃል ሥር በኋላ የሚገባ ኮከብ ምልክት (*) ደግሞ የቃሉን ልዩ ልዩ ቅጥያዎች ያመጣል።

ቋቱ በአብዛኛው የሚያመሳስለው ፊደልን እንጂ ትርጉምን አይደለም። ይህ ስለ ኢትዮጵያ የሚያጠናን ተማሪ ከሌላው ይበልጥ ይጎዳል፤ የአገሩ ስሞች በላቲን ፊደል አንድ ወጥ አጻጻፍ የላቸውምና። ጤፍን አንዱ አጥኚ በአንድ «ኤፍ»፣ ሌላው በሁለት «ኤፍ» ይጽፈዋል፤ የዕፅዋት ተመራማሪ ደግሞ ኢራግሮስቲስ ቴፍ በሚለው ሳይንሳዊ ስሙ ሊጠራው ይችላል። ስለ ጤፍና ድርቅ የሚፈልግ ተማሪ ሦስቱን አጻጻፎች በ«ኦር» አያይዞ በቅንፍ ያስገባቸዋል፤ ከቅንፉ ውጭ ድርቅ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በ«ኤንድ» ይጨምራል። በአንድ «ኤፍ» ጽፎ ኮከብ ማስገባት አቋራጭ ይመስላል፤ ነገር ግን ቴፍሎንንም ተፈራ የሚባሉ ጸሐፊዎችንም ሰብስቦ ያመጣል።

ጎንደርና ሐረርም እንዲሁ ከአንድ በላይ አጻጻፍ አላቸው። በአንድ አጻጻፍ ብቻ ፈልጎ ያጣ ተማሪ በመመረቂያ ጽሑፉ ላይ «በዚህ ጉዳይ ላይ የተሠራ ጥናት የለም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ጥናቱ ግን በሌላ ፊደል ተጽፎ እዚያው ቋት ውስጥ ተቀምጧል። ፈታኝ መምህር ያንን ጥናት የሚያውቅ ከሆነ የሥራው መነሻ ራሱ ይናጋል።

የጸሐፊ ስምም ሌላ እክል ነው። ኢትዮጵያውያን የቤተሰብ ስም ስለሌላቸው ብዙ ቋቶች የአባትን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ያስገባሉ። እ.ኤ.አ. በ1972 በታተመው «ቸርች ኤንድ ስቴት ኢን ኢትዮጵያ» የሚታወቁት የታሪክ ምሁር ታደሰ ታምራት በአንዱ ዝርዝር «ታምራት፣ ታደሰ»፣ በሌላው «ታደሰ ታምራት» ተብለው ሊገኙ ይችላሉ፤ ስለዚህ በሁለቱም መፈለግ ይገባል።

ሙሉውን ጽሑፍ ማግኘት

አንድ ጽሑፍ ክፍያ ሲጠይቅ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ቤተ መጻሕፍቱ የደንበኝነት መብት ያለው መሆኑን መጠየቅ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2002 በዓለም ጤና ድርጅት የተጀመረው ሂናሪ፣ ዛሬ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ጥምረት ሥር ሆኖ፣ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ለሚገኙ ተቋማት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ጆርናሎችን ይከፍታል፤ ኢትዮጵያም ከተጠቃሚዎቹ አንዷ ናት። የመግቢያ ቃሉ የሚሰጠው ለተቋሙ ስለሆነ ተማሪው የሚያገኘው ከቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ነው።