ወስዋስና ራስን መጠርጠር፦ ዑለማዎቻችን ምን አሉ?



ውዱእ ቦታ ላይ አንድ ክንዱን አሥር ጊዜ የሚያጥብ፣ ሶፍ ላይ ቆሞ ተክቢራውን ሲደጋግም ኢማሙ ሩኩዕ የሚወርድበት ሰው አይታችሁ ይሆናል። ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት ከዒሻ ሰላት በኋላ ቀረበንና፣ ስለ አላህ በአፉ ሊያወጣው የማይደፍረው ሐሳብ እንደሚመጣበት እያለቀሰ ነገረን። እኛም «ኢማንህን አድስ» ብለን ሸኘነው። ስህተት ነበር። ልጁ «ካፊር ሆኛለሁ» ብሎ በራሱ ላይ የፈረደውን ያጸደቅንለት መሰለው፤ በየሰዓቱ ሸሃዳ መድገም ጀመረ። ወደ ኪታቦቹ የተመለስነው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰሃቦችም ይህንኑ ስሞታ ይዘው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ቀርበው እንደነበር ሙስሊም ዘግበውታል። ነቢዩም በዚህ መጨነቃቸው የኢማን ምልክት መሆኑን ነገሯቸው። ልብ በሉ፤ ሐሳቡ አልተነካም፤ የተለወጠው ሰሃቦቹ በዚያ ሐሳብ ምክንያት ለራሳቸው የነበራቸው ግምት ነው።

በዛሬዋ ሰሜን አፍጋኒስታን ከበልኽ ከተማ አቅራቢያ የተወለደው አቡ ዘይድ አል በልኺ (በ322 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ934 የሞተ) ወደ ዒራቅ ተጉዞ ከአል ኪንዲ የተማረ ዐሊም ነበር። «መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ» በተሰኘው ኪታቡ የአካልንና የነፍስን ጤንነት አንድ ላይ አስቀመጠ። የነፍስ ሕመሞችን ሲዘረዝር ንዴትን፣ ሐዘንንና ፍርሃትን ለየብቻ ጻፈ፤ ለወስዋስ ደግሞ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጠው። መድኃኒቱንም ከውጭና ከውስጥ አለው፦ ከውጭ ብቸኝነትን መራቅና በሥራ መጠመድ፤ ከውስጥ ደግሞ ክፉውን ሐሳብ የሚመክት ሌላ ሐሳብ በልብ ማዘጋጀት። ኪታቡ በኢስታንቡል አያሶፍያ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ቆይቶ፣ ሱዳናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ማሊክ በድሪ እ.ኤ.አ. በ2013 የነፍሱን ክፍል በእንግሊዝኛ አሳተሙት። ይህን ያህል ዘመን ሳናነበው መኖራችን ያስቆጫል።

የፊቅህ ሰዎችም አልተኙም። የባግዳዱ ኢብኑ ዐቂል (513 ሂጅራ)፣ ደጋግሞ ውሃ ውስጥ ጠልቆም ትጥበቱ መሟላቱን የሚጠራጠር ሰው ቢጠይቃቸው፣ «ሰላት ተነስቶልሃል» ብለው አስደነገጡት፤ ውሃ ውስጥ ገብቶ ውሃ ነካኝ አልነካኝ የሚል ሰው አእምሮውን እንደሳተ ይቆጠራል ማለታቸው ነው። የደማስቆው ኢብኑ ቁዳማም ወስዋሰኞችን የሚወቅስ ኪታብ ጽፈዋል። በእኛ ግምት ይህ ግሳጼ የሚበጀው ወስዋሱን ጥንቃቄና ተቅዋ አድርጎ ለሚያይ ሰው ነው። ራሱን ካፊር አድርጎ ለሚያይ ግን ግሳጼ ቁስል ላይ ጨው ነው።

የዘመኑ ሐኪሞች ሕመሙን «ኦሲዲ» ይሉታል። ራክማንና ዴ ሲልቫ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ጤነኛ ሰዎችን ቢጠይቁ፣ አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ያልጠሩት ክፉ ሐሳብ እንደሚመጣባቸው ተናገሩ። ይዘቱም ከሕሙማኑ ጋር ይመሳሰላል። ሕሙማኑ ላይ ግን ይደጋገማል፣ ያስጨንቃል፣ አልወጣም ይላል። ከዚያ ወዲህ የተነሱ ተመራማሪዎች አንዱን ምክንያት ከራስ ግምት ጋር ያያይዙታል፦ «ይህን ካሰብኩ እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?» ብሎ የፈራ ሰው ሐሳቡን ለማጥፋት ያጥባል፣ ይደግማል፣ ይጠይቃል፤ ያ ደግሞ ፍርሃቱን መልሶ ይመግበዋል።

ወጣቱን ፈልገን ይቅርታ ጠየቅነው፤ የሰሃቦቹን ታሪክ ነገርነው፤ ሐኪም ዘንድም አብረነው ሄድን። አሁን ውዱእ አንዴ አድርጎ ሶፍ ይገባል። ሐሳቡ አልፎ አልፎ እንደሚመጣበት ይነግረናል፤ መልስ ግን አይጠይቀንም።